ሰይጣን፣ ጋኔን ወይስ ዛር? በዝግታ የሚበስለውን የሰውና የጋኔን ማንጋ ወደ አማርኛ የመመለስ ጥያቄ

መግቢያ

ማንጋ በጃፓን የዳበረ የሥዕል ትረካ ነው። ከዘርፎቹ አንዱ «ቦይዝ ላቭ» በመባል የሚታወቀው ሲሆን፣ በሁለት ወንድ ገጸ ባሕርያት መካከል የሚፈጠርን ፍቅር ይተርካል። በዚህ ዘርፍ ውስጥ አንደኛው ገጸ ባሕርይ ሰው፣ ሌላው ጋኔን የሆነበት ምናባዊ ታሪክ የታወቀ ቅርጽ ነው። የዚህ ቅርጽ ዋና መለያ ዝግታ ነው። ጠላትነት ወደ ጥርጣሬ፣ ጥርጣሬ ወደ ውል፣ ውል ወደ መተማመን፣ መተማመን ወደ ፍቅር እስኪሸጋገር ድረስ በርካታ ምዕራፎች ያልፋሉ። አንባቢውም ታሪኩን የሚከታተለው ይህን ሽግግር ደረጃ በደረጃ ለማየት ነው።

ይህ ጽሑፍ አንድ የትርጉም ጥያቄ ያነሣል፤ እንዲህ ያለው ታሪክ ወደ አማርኛ ቢመለስ፣ ሰው ያልሆነው ገጸ ባሕርይ በምን ስም ይጠራል? የጽሑፉ መከራከሪያ የስሙ ምርጫ የታሪኩን ዝግታ ሊጠብቀው ወይም ከመጀመሪያው ገጽ ሊያጠፋው ይችላል የሚል ነው። በሥራ ላይ ያለው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 በተመሳሳይ ጾታ ሰዎች መካከል የሚፈጸምን የግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚከለክል በመሆኑ፣ የዘርፉ ኅትመት በአገር ውስጥ የራሱ የሆነ ሌላ ጥያቄ አለው። እዚህ የሚቀርበው ትንተና በቋንቋና በትረካ ቅርጽ ላይ የተወሰነ ነው።

የዘርፉ አነሣሥ

ዘርፉ የተጸነሰው በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሴት የማንጋ ደራስያን እጅ ነው። ብዙዎቹ በሾዋ ዘመን አቆጣጠር 24ኛው ዓመት፣ ማለትም በ1949 እ.ኤ.አ. አካባቢ በመወለዳቸው «የ24ኛው ዓመት ቡድን» ተብለዋል። የሃጊዮ ሞቶ «ቶማ ኖ ሺንዞ» በ1974 እ.ኤ.አ.፣ የታኬሚያ ኬይኮ «ካዜ ቶ ኪ ኖ ኡታ» በ1976 እ.ኤ.አ. መታተም ጀመሩ። ሁለቱም ታሪካቸውን ያስቀመጡት ከጃፓን ርቆ በሚገኝ የአውሮፓ የወንዶች አዳሪ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው፤ የመጀመሪያው በጀርመን፣ ሁለተኛው በፈረንሳይ። የታሪክ ቦታን ማራቅ ከመነሻው የዘርፉ ስልት ነበር ማለት ይቻላል። በሰውና በጋኔን ታሪክ ውስጥ ይህ ርቀት ከአገር ወደ ፍጥረት ይሸጋገራል፤ ሁለቱን የሚለያያቸው ዕድሜ፣ ምግብና ሞት ይሆናል።

ጃፓንኛ ለእነዚህ ፍጥረታት በርካታ ስሞች አሉት። «ኦኒ» ባለ ቀንድ፣ ሰው በላ ኃይለኛ ፍጥረት ነው። «ዮካይ» ለእንግዳ ፍጥረታት ሁሉ የሚሆን ሰፊ ስም ነው። «አኩማ» ከቡድሂዝም ቃላት የመጣ ሆኖ የክርስትናውን ዲያብሎስም ይገልጻል። በ1996 እ.ኤ.አ. መታተም የጀመረው የታካሃሺ ሩሚኮ «ኢኑያሻ» ዋና ገጸ ባሕርይ ከሰውና ከዮካይ የተወለደ ነው። ከ2016 እስከ 2020 እ.ኤ.አ. የታተመው «ኪሜትሱ ኖ ያይባ» ደግሞ ቀድሞ ሰዎች የነበሩ ኦኒዎችን ያሳያል። ሁለቱም የቦይዝ ላቭ ሥራዎች አይደሉም፤ ሆኖም በሰውና በጋኔን መካከል ያለው ድንበር በጃፓን ትረካ ምን ያህል ሊታለፍ የሚችል እንደሆነ ያመለክታሉ። የአማርኛ ተርጓሚ ይህን ድንበር የሚያገኘው በሌላ ቦታ ተተክሎ ነው።

ሦስቱ የአማርኛ ቃላት

የመጀመሪያው አማራጭ «ሰይጣን» ነው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሰይጣን የሰው ልጅ ባላጋራ ስለሆነ ከእርሱ ጋር መዋዋል በራሱ ውድቀት ነው። እርግጥ ነው፣ «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» የሚለው ተረት ትውውቅ ፍርሃትን እንደሚያለዝብ ያስታውሳል። ነገር ግን ተረቱ ጉልበት የሚያገኘው ሰይጣን ክፉ መሆኑ አስቀድሞ የታመነ በመሆኑ ነው። ገጸ ባሕርዩ በዚህ ስም ከተጠራ አንባቢው ፍርዱን ሰጥቶ ይጀምራል፤ ቀስ በቀስ የሚገለጥ ነገር አይቀርለትም።

ሁለተኛው «ጋኔን» ነው። ቃሉ በብዙ ቁጥር «አጋንንት» ሆኖ በወንጌል የሚታወቀው ከሰው ሲወጣ ነው። በብራና የሚጻፈው ክታብም የሚከተለው ይህንኑ መንገድ ነው። ብዙ ጊዜ በባለቤቱ ቁመት ልክ የሚዘጋጀው ክታብ የቅዱስ ሱስንዮስን ታሪክ ይይዛል፤ ሕፃኑን የገደለችውን ውርዝልያን ሱስንዮስ በፈረስ ተከታትሎ በጦር ይወጋታል። በክታቡ የጋኔን ስም የሚጠራው ለማሰርና ለማባረር ነው። «ጋኔን ሳቢ» በሚባለው ሰው ዘንድ ደግሞ ጋኔን ተጠርቶ የሚታዘዝ አገልጋይ ነው። ስለዚህ ቃሉ ሁለት ግንኙነቶችን ይዞ ይመጣል፤ ማባረርንና ማስገበርን። መወዳጀት ከሁለቱም ውጭ ነው።

ሦስተኛው «ዛር» ነው። በስፋት በሚነገረው አፈ ታሪክ መሠረት ሔዋን ሠላሳ ልጆች ነበሯት፤ ፈጣሪ ሊያያቸው ሲመጣ ውብ የሆኑትን አሥራ አምስቱን ደበቀች፤ የተደበቁትም እንደተሰወሩ ቀርተው ዛር ሆኑ። በዚህ ትረካ ዛር የሰው ወንድም ነው። በ1932 እ.ኤ.አ. በጎንደር የዛር ሥርዓትን የተከታተለው ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1958 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ በዚያው ዓመት ጥናቱን ያወጣው ሳይመን ሜሲንግም በበኩሉ፣ ግንኙነቱ ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ ድርድር መሆኑን አሳይተዋል። ዛሩ ሰውየውን ይመርጣል፤ ያሳምመዋል፤ ስሙን እንዲናገር ይጠየቃል፤ ፈቃዱን ይገልጻል፤ ግብር ይቀርብለታል፤ በመጨረሻም ከአስጨናቂነት ወደ ጠባቂነት ይሸጋገራል። ጥቃት፣ ስም፣ ውል፣ አብሮ መኖር፦ ይህ ቅደም ተከተል ከማንጋው ቅርጽ ጋር በእጅጉ ይቀራረባል።

ይሁን እንጂ መሠረታዊ ልዩነት አለ። ዛር የሚናገረው በተቀመጠበት ሰው አፍ ነው፤ ሰውየውም «ፈረሱ» ይባላል። በማንጋው ግን ሰውና ጋኔን በየራሳቸው አካል ፊት ለፊት ቆመው ይሣላሉ፤ ፍቅሩም የሚቻለው ሁለት በመሆናቸው ነው። በተጨማሪም ዛር ለብዙዎች ሕያው እምነት እንጂ የልብ ወለድ ፍጥረት አይደለም። ስለዚህ የተሻለው መንገድ የፍጥረቱን ስም ከግንኙነቱ ስም መለየት ይሆናል። ፍጥረቱ «ጋኔን» ይባል፤ ግንኙነቱ ግን «ፈቃድ»፣ «ግብር»፣ «መለማመን» ከሚሉት የዛር ሥርዓት ቃላት ይበደር። አንባቢው የሚባረር ጋኔን ጠብቆ የሚለማመኑት ጋኔን ሲያገኝ፣ በዚያ ክፍተት ውስጥ ዝግታው ቦታ ያገኛል።

የወሰኑ ስም

በእነዚህ ታሪኮች የሰውንና የጋኔንን ዓለም የሚለየው ወሰን በጃፓንኛ «ኬካይ» ይባላል፤ በቡድሂዝም ለተለየ ተግባር የተከለለ ቦታን የሚያመለክት ቃል ነበር። «ግንብ» ወይም «አጥር» ተብሎ ቢተረጎም ወሰኑ የሚፈርስ ወይም የሚዘለል ነገር ይሆናል። ለዚህ የሚሆን ሌላ የወሰን እሳቤ በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ጓሳ ይገኛል። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለው ይህ የሣር ምድር ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት ሲጠበቅ ቆይቷል። ከአቅኚ አባቶች ከአስቦና ከጌራ የሚወለዱ ባለ መብቶች ምድሩን ለዓመታት ዘግተው፣ ሣሩ ሲደርስ በስምምነት ከፍተው ያጭዱ ነበር። ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ቢቋረጥም የአካባቢው ኅብረተሰብ ጥበቃውን በሌላ መልክ ቀጥሏል።

የጓሳ ሥርዓት ከመናፍስት ጋር የሚያያዝ አይደለም፤ ለተርጓሚው የሚያበረክተው ግሦቹን ነው። እዚያ ወሰኑ ግንብ ሳይሆን ጊዜና ስምምነት ነበር፤ «ይዘጋል»፣ «ይከፈታል»። «ኬካይ» በ«ክልል» ተተርጉሞ በእነዚህ ግሦች ሲነገር፣ ጋኔኑ ወሰኑን ጥሶ የገባ ወራሪ መሆኑ ቀርቶ ክልሉ እስኪከፈት የጠበቀ ይሆናል።

ከ«አንተ» ወደ «አንተ»

በጃፓንኛ የመቀራረብ ደረጃ ከሚታወቅባቸው ምልክቶች አንዱ አጠራር ነው፤ በቤተሰብ ስምና በ«ሳን» ይጠራ የነበረ ሰው አንድ ቀን በግል ስሙ ብቻ ይጠራል። አማርኛ ለዚህ የራሱ መሣሪያ አለው። በጠላትነቱ ዘመን ሰውየው ጋኔኑን «ውጣ!» ይለዋል፤ ይህ የንቀት «አንተ» ነው። ጋኔኑ የሺህ ዓመት ዕድሜ ያለው መሆኑ ሲታወቅና ውል ሲገባ ንግግሩ «ይቀመጡ» ወደሚል «አንቱታ» ይለወጣል። መተማመኑ ሲጸና ደግሞ «ቁጭ በል» ይሆናል። የመጨረሻው «አንተ» በሰዋስው ከመጀመሪያው አይለይም፤ የሚለየው በመካከላቸው ባለፈው ጊዜ ብቻ ነው።

ሌላም የሚታይ ነገር አለ። በአማርኛ «አንተ» እና «አንቺ» ጾታን በየግሡ ይገልጻሉ፤ «አንቱ» እና «እርስዎ» ግን አይገልጹም። በመካከለኛው ደረጃ የጋኔኑ ወንድነት ከሰውየው አንደበት ይሰወራል፤ በመጨረሻው ደረጃ ከቅርበቱ ጋር ይመለሳል። የሁለት ወንዶችን ፍቅር በሚተርክ ዘርፍ ይህ ትርጉም ያለው ለውጥ ነው፤ ተርጓሚው «አንቱታውን» በየትኛው ምዕራፍ እንደሚጀምርና እንደሚያቆም አስቀድሞ ካልወሰነ ግን ይባክናል።

ማጠቃለያ

የአማርኛ ባህል ስለ ሰውና ስለ ረቂቅ ፍጥረታት የሚናገርባቸው ቃላት ብዙ ናቸው፤ የተርጓሚው ችግር አንዱን ቃል ሁሉን እንዲሸከም ማድረግ ነው። ከላይ የቀረበው ሐሳብ ሸክሙን ያከፋፍላል፦ የፍጥረቱ ስም ከክታብ፣ የግንኙነቱ ስም ከዛር፣ የወሰኑ ግሥ ከጓሳ፣ የቅርበቱ መለኪያ ከአንቱታ። ሐሳቡ በተሟላ ትርጉም መፈተን ይኖርበታል። በተለይ «አንቱታ» በዕለት ንግግር ሕያው ሆኖ የቆየበት የገጠር አንባቢና በዕድሜ እኩዮቹን ሁሉ «አንተ» የሚለው የከተማ ወጣት ሦስቱን ደረጃዎች እኩል ይሰሟቸው እንደሆነ ለቀጣይ ጥናት የሚተው ጥያቄ ነው።