የዕለት ዝናብ ልኬት ለከተማ ቦይ ለምን አይበቃም?

የዝናብ መጠን የሚለካው በጥልቀት ነው፤ አንድ ሚሊ ሜትር ዘነበ ሲባል ውኃው ሳይሰርግ፣ ሳይተንና ሳይፈስ በወረደበት ቢቆይ መሬቱን በአንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት ይሸፍናል ማለት ሲሆን፣ ይህም በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ማለት ነው። በኢትዮጵያ በብዙ ጣቢያዎች ታዛቢው በመለኪያው የተጠራቀመውን ውኃ በየዕለቱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ አንብቦ ይመዘግባል። የአዲስ አበባ ዓመታዊ ዝናብ 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆኑና አብዛኛው በክረምት መውረዱ የታወቀው በዚህ ትዕግሥት በሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ለእርሻና ለውኃ ሀብት ጥናትም ይህ መዝገብ ትልቅ ጥቅም አለው። የከተማን ቦይ የሚያጨናንቀው ግን የቀኑ ድምር ሳይሆን የዝናቡ ጥንካሬ፣ ማለትም በሰዓት ስንት ሚሊ ሜትር እንደወረደ የሚገልጸው ልኬት ነው።

ልዩነቱ በስሌት ጎልቶ ይታያል። ራሽናል ሜተድ የሚባለውና ለትንንሽ ተፋሰሶች የሚያገለግለው ዘዴ ከፍተኛውን ፍሰት የሚያገኘው የዝናቡን ጥንካሬ፣ የቦታውን ስፋትና ከዝናቡ ውስጥ ሳይሰርግ የሚፈሰውን ድርሻ በማባዛት ነው። ከወረደበት ዝናብ 90 በመቶውን የሚያፈስ አንድ ሄክታር አስፋልት ላይ 40 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቀኑን ሙሉ በእኩል ቢያካፋ በሴኮንድ 4 ሊትር ያህል ይፈስሳል፤ ያው 40 ሚሊ ሜትር በግማሽ ሰዓት ቢወርድ ግን ፍሰቱ 200 ሊትር ይደርሳል። በዕለታዊው መዝገብ ላይ ሁለቱ ቀናት አንድ ናቸው።

ስለዚህ ለመሐንዲሱ የሚያስፈልገው በደቂቃዎች የተከፋፈለ፣ ለብዙ ዓመታት የተጠራቀመ መረጃ ነው። ይህን የሚሰጡት ራሳቸው የሚመዘግቡ መለኪያዎች ሲሆኑ፣ ከእነርሱ አንዱ ዓይነት ለምሳሌ 0.2 ሚሊ ሜትር በሞላ ቁጥር የሚገለበጥ ትንሽ ባልዲ አለው፤ ዝናቡ እጅግ ሲበረታ ባልዲው በሚገለበጥበት ቅጽበት የሚወርደው ውኃ ስለሚያመልጠው፣ በየጊዜው ካልተስተካከለ ወሳኙን ሰዓት አሳንሶ ይመዘግባል። ከመረጃው የየዓመቱ ከፍተኛ ጥንካሬ ለ10 ደቂቃ፣ ለ30 ደቂቃ፣ ለአንድ ሰዓት እየተለየ ይወጣና፣ ጥንካሬን ከቆይታና ከድግግሞሽ ጋር የሚያያይዝ ኩርባ ይሠራበታል። የ10 ዓመት ዝናብ ሲባል በትክክል በየ10 ዓመቱ የሚመጣ ማለት አይደለም፤ በየትኛውም ዓመት የመከሰት ወይም የመብለጥ ዕድሉ 10 በመቶ የሆነ ማለት ነው፤ በመሆኑም በ10 ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመድረስ ዕድሉ 65 በመቶ ገደማ ነው።

የጣቢያው ቦታም የመለኪያውን ያህል ወሳኝ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋን የመታውና ከ200 በላይ ሰዎችን የገደለው የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ የመጣው ከከተማዋ በላይ ባለው ደጋ ከወረደ ከባድ ዝናብ ነበር፤ ከተማ ውስጥ ብቻ የተተከለ መለኪያ እንዲህ ያለውን አደጋ አስቀድሞ ሊያሳይ አይችልም። ከየትኛው ጣቢያ፣ በስንት ዓመት መረጃ፣ ለስንት ደቂቃ ቆይታና ለየትኛው ድግግሞሽ እንደተሰላ በግልጽ ያልተጻፈበት የቦይ ንድፍ ሊጸድቅ አይገባውም።