ብርቱካናማው ቱቦ

አሜሪካ ቤት የገዛ አበሻ ውሎ አድሮ ፊቱን ወደ ቤዝመንቱ ማዞሩ አይቀርም። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ ምድር ቤታቸው ባዶ ኮንክሪት ሆኖ የሚሸጡ ቤቶች ብዙ ናቸው። ሚኒሶታ ደግሞ የቤት መሠረት የክረምቱ ውርጭ ከሚደርስበት በታች መውረድ አለበት፤ በደቡቡ 42 ኢንች፣ በሰሜኑ 60 ኢንች። መቆፈሩ ካልቀረ ተብሎ ከቤቱ ሥር አንድ ሙሉ ወለል ይሠራል። ልጆች ይጫወቱበታል፣ ክርስትና ይደገስበታል፣ ቅዳሜ ጠዋት የእንግሊዝ ኳስ ይታይበታል። ስለዚህ ስለ ምንጣፉ፣ ስለ ቀለሙ፣ ስለ መታጠቢያ ቤቱ ብዙ ይመከራል። ኬብሉ የሚታወሰው መጨረሻ ላይ ነው። ኬብሉ የሚያልፍበትን ቱቦ ግን ከነጭራሹ የሚያነሳው የለም፤ እኔ ደግሞ ከመላው ቤዝመንት አብልጬ የምወደው እሱን ነው።

ሽንሽን ያለ፣ በእጅ የሚታጠፍ የፕላስቲክ ቱቦ ነው። ሰማያዊው ለመብራት መስመር፣ ብርቱካናማው ለስልክ፣ ለኔትወርክ፣ ለድምፅና ለምስል ኬብል ይውላል። ድራይዎሉ፣ ማለትም የግድግዳው ጂፕሰም ሰሌዳ፣ ከመመታቱ በፊት ባዶውን ይዘረጋል፤ አንዱ ጫፉ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ፣ ሌላው አምፕሊፋየሩ ከሚቀመጥበት ቁም ሣጥን ይወጣል። ከዚህ ውጪ የረቀቀ ነገር የለውም።

«ጥሩውንና ውዱን ኤችዲኤምአይ ኬብል ገዝቼ ግድግዳው ውስጥ ካስገባሁት፣ ሁለተኛ አላስብበትም» የሚል ሰው በየቤቱ አጋጥሞኛል። ኬብልን እንደ ውኃ ቧንቧ ማየት ነው ችግሩ። ቧንቧ ዛሬም ነገም የሚያሳልፈው ውኃ ነው፤ የምስል ኬብል ሸክም ግን በየጥቂት ዓመቱ ይጨምራል። ኤችዲኤምአይ በ2002 መጨረሻ ሲመጣ (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሰከንድ የሚያሳልፈው 5 ጊጋቢት እንኳ አይሞላም ነበር። በ2006 ከ10 አለፈ። በ2009 4ኬ ምስልን በሰከንድ 30 ፍሬም ማሳለፍ ቻለ። በ2013 ወደ 18 ጊጋቢት፣ በ2017 ወደ 48 ጊጋቢት አደገ። ይህ ሁሉ ሲለወጥ ግን መሰኪያው አልተለወጠም፤ ያው ቅርጽ፣ ያው 19 ፒን ነው። ሰውን የሚያሳስተውም ይኸው ነው። በ2008 የተቀበረ ኬብል ዛሬ ከተገዛ ቴሌቪዥን ጋር ልክክ ብሎ ይገጥማል። ሲበራ ግን ስክሪኑ ለአፍታ ይጠቁርና ይመለሳል፣ ነጫጭ ነጥቦች ይረጩበታል፣ ወይም ቴሌቪዥኑ ራሱ ጥራቱን ዝቅ አድርጎ ዝም ይላል። ባለቤቱ ቴሌቪዥኑን ያማርራል፤ ቴሌቪዥኑ ግን ምንም አልሆነም።

ከኤችዲኤምአይ በፊት በነበረው ዘመን ምስል የሚሄደው አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቀይ ጫፍ ባላቸው ሦስት ኬብሎች ነበር። ቨርጂኒያ አንድ ወዳጄ በገዛው ቤት ግድግዳ ውስጥ እነዚያን አግኝተናቸዋል። የዘረጋቸው ሰው ሙያውን ያውቃል፤ አንድም የተጣመመ የለም፣ በየእንጨት ቋሚው በክሊፕ ተይዘዋል። ያ ንጹሕ አሠራር ግን ለወዳጄ ዕዳ ሆነበት። ክሊፑ ስለያዛቸው አሮጌዎቹን ጎትቶ ማውጣትም፣ አዲሱን ከእነሱ ጋር አስሮ መሳብም አልተቻለም። ድራይዎሉ ተቆረጠ፣ ተለጠፈ፣ ተሞረደ፣ ተቀባ። መስኮቱ ሲከፈት የቀለሙ ልዩነት ዛሬም ይታያል።

ርዝመትም ሌላ ጣጣ አለው። በ48 ጊጋቢት፣ ተራ የመዳብ ኤችዲኤምአይ የሚታመነው ከ3 እስከ 5 ሜትር ድረስ ነው። ፕሮጀክተር ጣሪያ ላይ ሰቅሎ አምፕሊፋየሩን ቁም ሣጥን ውስጥ ያደረገ ሰው በቀላሉ 10 ሜትር ይሞላል። ያን ጊዜ በውስጡ ፋይበር ያለውን መግዛት ግድ ነው። ይህኛው በሁለቱም ጫፉ ኤሌክትሮኒክስ አለበት፤ ስለዚህ አንድ ቀን ሊበላሽ ይችላል። አቅጣጫም አለው፤ አንዱ ጫፍ ለመጫወቻው፣ ሌላው ለስክሪኑ ተብሎ ተጽፎበታል፤ ተገልብጦ ከገባ ምስል የለም። ቱቦ ካለ ስቦ አውጥቶ መገልበጥ ነው። ቱቦ ከሌለ የሚከተለውን ከወዳጄ ግድግዳ አይተናል።

ስፋቱ ላይ መሰሰት አይገባም። 1 ኢንች ለኔትወርክ ኬብል ይበቃል። የኤችዲኤምአይ ጭንቅላት ግን ከነፕላስቲኩ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚሰፋ ቀጥ ያለውን ያልፍና መታጠፊያው ላይ ይቀረቀራል፤ ስለዚህ 1 ኢንች ተኩል፣ ቦታ ካለ 2 ኢንች ይሁን። የአሜሪካ ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ኮድ ኬብል በሚሳብባቸው ሁለት ሳጥኖች መካከል በድምሩ 360 ዲግሪ፣ ማለትም አራት ሩብ መታጠፊያ ይፈቅዳል። እኔ ከሁለት በላይ ካየሁ መሐል ላይ አንድ ሳጥን እንዲጨመር አጥብቄ እጠይቃለሁ። መታጠፊያውም ለጥ ያለ ይሁን፤ በጉልበት የተቀነጠሰ ቱቦ ለዓይን የተከፈተ ይመስላል እንጂ ኬብል አያሳልፍም።

አሁን ኬብሉ ወደሚሳብበት ሲባጎ። ባዶ ቱቦ ያለ ሲባጎ ግማሽ ሥራ ነው። ሽቦ እየገፉ ለማሳለፍ የሚታገሉ አሉ፤ የቱቦው ሽንሽን ጫፉን እየያዘ ያሰለቻቸዋል። አንድ በዕድሜ የገፉ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ያሳዩኝ ዘዴ ይህ ነው፦ ከገበያ ፌስታል ትንሽ ይቀደድና ለቀቅ ብሎ ይጠቀለላል፣ ቀጭን ናይለን ሲባጎ ይታሰርበታል፣ ቱቦው አፍ ውስጥ ይገባል። ከወዲያኛው ጫፍ የቫኪዩም አፍ በእጅ ታፍኖ ይያዛል። ቫኪዩሙ ሲነሳ ሲባጎው ከጥቅሉ እየተተረተረ ሽው ብሎ ይሄዳል፤ ድምፁ ድንገት ሲለወጥ ፌስታሉ ደርሷል ማለት ነው። በዚያ ቀጭን ሲባጎ ጠንካራው ይሳባል። ከዚያ በኋላ የማይጣስ ሕግ አለ፤ ኬብል በተሳበ ቁጥር አዲስ ሲባጎ አብሮ ይሳባል። ይህን የሚረሳ ሰው የመጨረሻዋን ሲባጎ ከኬብሉ ጋር ያወጣትና ቱቦውን እንደገና ያለ ሲባጎ ያስቀረዋል። ሲሳብም በልክ ነው፤ የኔትወርክ ኬብል ከ25 ፓውንድ በላይ ኃይል ካረፈበት ውስጡ የተገመዱት ጥንዶች ይዛነፋሉ፣ ጉዳቱም ከውጭ አይታይም።

ቴሌቪዥን ግድግዳ ላይ ሰቅላችሁ የመብራት ገመዱን በድራይዎሉ ቀዳዳ ወደ ታች ለምትለቁት ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ኮዱ ይከለክላል፤ ተጣጣፊ የመብራት ገመድ ግድግዳ ውስጥ ተደብቆ እንዲኖር አልተሠራም። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ሶኬት ይውጣ፤ ግድግዳው ክፍት ሳለ ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ ቀላል ሥራ ነው። የመብራት መስመር በብርቱካናማው ቱቦ ውስጥ ፈጽሞ አይገባም። ጎን ለጎን ሲሄዱም ኮዱ የሚጠይቀው ቢያንስ 2 ኢንች ርቀት ነው፤ 1 ጫማ ቢሆን ለድምፁም ይበጃል። መተላለፍ ካለባቸው በቀጤ ማዕዘን ይተላለፉ። ከሳብዉፈሩ የሚወጣው የማያቋርጥ እምምታ ብዙ ጊዜ የ60 ኸርዙ መብራት ድምፅ ነው።

የእንጨት ቋሚ ሲበሳም ቀዳዳው ከእንጨቱ ጠርዝ 1 ኢንች ከሩብ ካልራቀ ላሜራ ይመታበታል። ድራይዎል የሚመታው ሰው የሚያየው ቋሚውን እንጂ ውስጡ ያለውን ኬብል አይደለም፤ ብሎኑን ፊት ለፊት ነው የሚሰድደው።

የስፒከር ሽቦ ቀላል ነው። 8 ኦም ለሆነ ስፒከር 16 ጌጅ እስከ 15 ሜትር፣ 14 ጌጅ እስከ 24 ሜትር ያደርሳል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል። ንጹሕ መዳብ ይሁን፤ አሉሚኒየም ላይ መዳብ የተቀባውን በርካሽነቱ የሚገዙ አሉ፣ ግን መቋቋሙ ከፍ ስለሚል የጌጁ ስሌት ይበላሻል። በሽፋኑ ላይ ሲኤል 2 ወይም ሲኤል 3 የሚል ምልክት የሌለበት ወደ ግድግዳ አይገባም። ድምፅን ከላይም የሚያመጣው ዶልቢ አትሞስ በ2014 ወደ መኖሪያ ቤት ከገባ ወዲህ ስፒከር ጣሪያም ላይ ይሰቀላል፤ ባትገዙትም ጣሪያው ክፍት ሳለ አራት ሽቦ ጣሉለት። ከስፒከሩም ከቴሌቪዥኑም ጎን ሁለት ሁለት ካት 6 የኔትወርክ ኬብል ይውረድ። ዋይፋይ አለን ለሚሉ፦ ቤዝመንት በኮንክሪትና በአፈር የተከበበ ነው፤ ራውተሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ላይኛው ፎቅ ነው።

ድራይዎሉ ከመምጣቱ በፊት እያንዳንዱ ግድግዳ ሜትር ተዘርግቶበት ፎቶ ይነሳ፤ ከወለሉ ስንት፣ ከጥጉ ስንት የሚለው ቁጥሩ እንዲነበብ። ወደ ላይኛው ፎቅ የሚያልፉ ቀዳዳዎች እሳት እንዳያሳልፉ ይደፈኑ፤ ኢንስፔክተሩ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። የቱቦው አፍ በቴፕ ይሸፈን፣ አለዚያ የስቱኮ ልጥፍ ይገባበታል። የሲባጎው ሁለት ጫፍ ከሳጥኑ ጋር ይታሰር፣ ጫፉ ላይም ወዴት እንደሚሄድ በማይለቅ ቀለም ይጻፍ። ሳጥኖቹን ደግሞ ቁጠሯቸውና ቁጥሩን ለድራይዎል ሠራተኞቹ ስጧቸው፤ በችኮላ አንዱን ሸፍነውት ከሄዱ፣ ያነሳችሁት ፎቶ የት እንደሚቆረጥ ይነግራችኋል።