ለኮምፒዩተርም ነፋስ መውጫ ያስፈልገዋል

ብዙ ሰዎች «አገራችን ደጋ ስለ ሆነ ኮምፒዩተር አይሞቅብንም» ሲሉ እሰማለሁ። ብዙ ኮምፒዩተር ባንድነት ሲነሣ የማራገቢያው ጩኸት መምህሩን እንዳንሰማ ስለሚያደርግ፣ ሽቦውን መንቀል የሚያምራቸው አሉ። ነገር ግን ማራገቢያው ከቆመ ሙቀቱ በሳጥኑ ውስጥ ይታፈናል፤ ኮምፒዩተሩም ሥራው ይዘገያል ወይም ራሱን ያጠፋል። እኛ አንዱን ኮምፒዩተር ለሦስት ለአራት ስለምንጋራ፣ አንዱ ሲበላሽ የሚጎዳው ብዙ ተማሪ ነው። ስለዚህ መፍትሔው ማራገቢያውን ማቆም ሳይሆን ፍጥነቱን መቆጣጠር ነው።

የሳጥኑ ማራገቢያ የሚሠራው በ12 ቮልት ነው። ቮልቱ ሲቀንስ በዝግታ ይዞራል፤ ጩኸቱም ይቀንሳል። እጅግ ከቀነሰ ግን ጨርሶ አይነሣም። ቮልቱን ለመቀነስ ኤል ኤም 317 የተባለው ሬጉሌተር ይበቃል። ጽሕፈቱ ወደ እኛ ዞሮ እግሮቹ ወደ ታች ሲሆኑ፣ የግራው እግር ማስተካከያ፣ የመካከሉ መውጫ፣ የቀኙ መግቢያ ነው።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። የፓወር ሰፕላዩ ቢጫ ሽቦ፣ ማለት 12 ቮልቱ፣ ከመግቢያው ይያያዛል። የማራገቢያው ቀይ ሽቦ ከመውጫው፣ ጥቁሩ ከፓወር ሰፕላዩ ጥቁር ጋራ ይገናኛል። በመውጫውና በማስተካከያው መካከል 240 ኦም ሬዚስተር ይገባል። ከማስተካከያው እስከ ጥቁሩ ሽቦ ደግሞ 1000 ኦም ቋሚ ሬዚስተርና 1000 ኦም ተለዋዋጭ ሬዚስተር ተከታትለው ይያያዛሉ። ቋሚው የገባበት ምክንያት፣ ቁልፉ እስከ መጨረሻው ቢቀነስም 6.5 ቮልት ያህል እንዲቀርና ማራገቢያው እንዳይቆም ነው። እስከ መጨረሻው ሲጨመር ደግሞ 10 ቮልት ያህል ይደርሳል፤ ሬጉሌተሩ 2 ቮልት ያህል ለራሱ ያስቀራልና።

እዚህ ላይ ሦስት ነገር ልብ ይሏል። አንደኛ፣ የቀለሞቹ ትርጉም አንድ አይደለም። በፓወር ሰፕላዩ ቀዩ 5 ቮልት ነው፤ በማራገቢያው ላይ ያለው ቢጫ ሽቦ ደግሞ ፍጥነት ነጋሪ ብቻ ስለ ሆነ 12 ቮልት አይሰጠውም። ሁለተኛ፣ ሬጉሌተሩ ስለሚሞቅ ቁራጭ አሉሚኒየም ይታሰርለታል፤ የጀርባው ብረት ከመውጫው ጋራ አንድ ስለ ሆነ ግን የሳጥኑን ብረት መንካት የለበትም። ሦስተኛ፣ ሥራው ሁሉ የሚከናወነው ኮምፒዩተሩ ከ220 ቮልቱ ተነቅሎ ነው፤ ፓወር ሰፕላዩም ፈጽሞ አይከፈትም። የፕሮሰሰሩን ማራገቢያ አንነካም።

አሁን ወደ ደጋችን ልመለስ። ነፋስ መውጫ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 3000 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው፤ ክብደቱ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ማራገቢያው በዚያው ፍጥነት ቢዞር የሚያልፈው አየር ጥቂት ስለ ሆነ፣ ይዞት የሚወጣው ሙቀትም ያንሳል። ብርዱ ይረዳናል፤ ስስነቱ ግን ይጎዳናል። ከስማዳ ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወረድ ደግሞ አየሩ ይወፍራል፤ ሙቀቱ ግን ይበረታል። እንግዲህ ቁልፉን የምናዞረው ጆሯችን እንደ ወደደው ሳይሆን፣ በባዮስ ውስጥ የሚታየውን የሙቀት መጠን እያየን ነው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ጸጥታን እንፈልግ፤ ነገር ግን ኮምፒዩተራችንን ትንፋሽ አንከልክለው።