በልጆች የበጋ ሰፈር ስለሚያስተምር መምህር ሥራ

በአውሮፓና በአሜሪካ አገር ተማሪ ቤት ሲዘጋ ልጆችን ከከተማ አውጥቶ በተራራ ላይ ወይም በሐይቅ ዳር ጥቂት ሳምንት የማኖር ልማድ አለ። የሚያድሩበት ስፍራ አንዳንዱ ድንኳን፥ አንዳንዱ የእንጨት ቤት ነው፤ ዛሬ ብዙ ሰው ካምፕ ሲለው እኛ በዚህ ጽሑፍ ሰፈር እንለዋለን። ወራቱ ሐምሌና ነሐሴ ነው። ይህ ጊዜ ለእኛ ዝናብ የሚበረታበት፥ ወንዝ የሚሞላበት ክረምት ሲሆን ለእነርሱ ግን ሰማዩ የሚጠራበትና ቀኑ የሚረዝምበት በጋ ነው። ስለዚህ «በነሐሴ ልጆችን በሜዳ ያሳድራሉ» ሲባል የሰማ የገጠር መምህር ቢደነቅ አይፈረድበትም። አሁን ልንገልጥ የፈለግነው ግን ስለ ሰፈሩ ብቻ ሳይሆን በዚያ ስለሚያስተምረው ሰው ነው፤ ይኸውም ሥራው ከተማሪ ቤት መምህር ሥራ በምን እንደሚለይ ለማስረዳት ነው።

የዚህ ልማድ መነሻው አንድ ብቻ አይደለም። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።) በአሜሪካ፥ በኮነቲከት ክፍል፥ ዋሽንግተን በምትባል መንደር ፍሬደሪክ ገን የሚባል መምህር የራሱ ተማሪ ቤት ነበረው፤ ይህች መንደር በስም እንጂ ከመንግሥቱ ዋና ከተማ ጋር አንድ አይደለችም። በ1861 ዓ.ም. አገሪቱ በእርስ በርስ ጦርነት ላይ ስለ ነበረች ተማሪዎቹ እንደ ወታደር በድንኳን ማደር ተመኙ። እርሱም ምኞታቸውን ሳይነቅፍ ለትምህርት አዋለው፤ ከሚስቱ ጋር ሆኖ ወደ ባሕር ዳር መርቶ ወሰዳቸውና ሁለት ሳምንት ያህል ዓሣ እያጠመዱና ጀልባ እየቀዘፉ ሰነበቱ። በስዊስ አገር ደግሞ መነሻው ድህነት ነው። ሄርማን ቫልተር ቢዮን የሚባል የፕሮቴስታንት ቄስ በዙሪክ ከተማ በጠባብ ቤት ታጭቀው የሚኖሩትን የድኾች ልጆች አይቶ አዘነና በ1876 ዓ.ም. ከእነርሱ 68ቱን ከመምህራን ጋር ወደ አፐንዜል ደጋ አወጣቸው። ነገሩ ፈጥኖ ወደ ሌሎች አገሮች ተዛመተ፤ በ1883 ዓ.ም. ኤድሞን ኮቲኔ የሚባል ሰው በፓሪስ 9ኛው ቀበሌ እንዲሁ አደረገ።

ኮቲኔ ልጆቹን ሲሄዱና ሲመለሱ ያስመዝን፥ ደረታቸውንም ያስለካ ነበር። ይህን ያደረገው ገንዘብ የሰጡት ሰዎች የሥራውን ፍሬ በቍጥር እንዲያዩት ነው፤ ብልኀትም ነበር። ነገር ግን ሚዛን የልጁን ሥጋ እንጂ ከጓደኛው ጋር እንጀራ መካፈል መልመዱን አይመዝንም፤ መምህሩ የደከመበት ዋናው ነገር ግን ይህ ሁለተኛው ነው።

እንግዲህ ልዩነቱን እንመልከት። የተማሪ ቤት መምህር ደወል ሲደወል ሰሌዳውን ጠርጎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የሰፈሩን መምህር ግን የሚያሰናብተው ደወል የለም፤ ልጆቹ ሲነቁ ይነቃል፥ በማዕዳቸው ይበላል፥ በአጠገባቸው ይተኛል። ሲቈጣም፥ ሲስቅም፥ እጁን ታጥቦ ወይም ሳይታጠብ ለምግብ ሲቀርብም ያዩታል፤ ስለዚህ ያላሰበውን ሁሉ ሲያስተምር ይውላል። ከእኛ መካከል ይህን ፈጥኖ የሚያስተውለው በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደገ ሰው ነው። የቆሎ ተማሪ ከእናት ከአባቱ ተለይቶ፥ በየኔታ ደጅ ጎጆ ቀልሶ፥ ታላቁ ታናሹን እያስቀጸለ የኖረ ነውና ትምህርት ከፊደል ገበታ ውጭም እንዳለ በሕይወቱ ያውቀዋል። ነገር ግን ሁለቱን ፈጽሞ አንድ ማድረግ አይገባም፤ የቆሎ ተማሪ ምግቡን ራሱ ለምኖ ሲያገኝ የሰፈሩ ልጅ ግን የሚበላውና የሚተኛበት ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል፤ የእርሱም ቈይታ በሳምንት እንጂ በዓመት የሚቈጠር አይደለም።

የቀኑ ትምህርት ዋና፥ ቀዘፋ፥ ቀስት መወርወር፥ የእጅ ሥራ፥ ዕፀዋትንና ከዋክብትን ማወቅ ነው። አሰጣጡም በአጭር ቃል፥ በብዙ ሥራ ነው። ለምሳሌ መምህሩ ስለ ዛፍ ለማስተማር ሲፈልግ ስሞችን አያስጠናም፤ የአንዱን ልጅ ዓይን በጨርቅ ሸፍኖ ጓደኛው ወደ አንድ ዛፍ እንዲመራው ያዛል። ልጁ ልጡን ይዳስሳል፥ ግንዱን ያቅፋል፥ ሥሩን በእግሩ ይፈልጋል። ከዚያ መልሰው ካመጡት በኋላ ዓይኑ ተገልጦ ያንኑ ዛፍ ፈልጎ እንዲያገኝ ይደረጋል። ሲያገኘው ስሙን ይጠይቃል፤ ራሱ ጠይቆ የተማረውን ስም አይረሳውም። ይህ ጨዋታ ገንዘብ የማይጠይቅ ስለ ሆነ በማናቸውም የገጠር ተማሪ ቤት አጠገብ ዛፍ ባለበት ሊደረግ ይቻላል።

ከሁሉ የሚያስፈራው ሰዓት የውኃው ነው። ሰው የሚሰጥም ልጅ ይጮኻል ብሎ ያስባል፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ አይጮኽም። አፉ ከውኃው በታችና በላይ ሲመላለስ ለመተንፈስ እንጂ ለመጣራት ፋታ አያገኝም፤ እጁንም አንሥቶ ሊጠራ አይችልም። ስለዚህ ጆሮውን አምኖ ዓይኑን ከውኃ ላይ የሚያነሣ መምህር ትልቅ አደጋ ያመጣል። ይህን ለመከላከል ልጆቹ ጥንድ ጥንድ ይሆናሉ፤ ፉጨት ሲሰማ እያንዳንዱ የጓደኛውን እጅ ይዞ ወደ ላይ ያነሣል፥ መምህሩም ይቈጥራል። አንድ ቢጐድል ሁሉ ወዲያው ከውኃ ይወጣሉ፥ ፍለጋው ያን ጊዜ ይጀመራል፤ «ምናልባት ወደ ድንኳኑ ሄዶ ይሆናል» ማለት ክልክል ነው። በፈረንሳይ ሕግ ዕድሜያቸው 6 ዓመት ከሞላቸው ልጆች ለ8ቱ አንድ መሪ ከእነርሱ ጋር በውኃው ውስጥ ሊኖር ይገባል፤ ከ6 ዓመት በታች ከሆኑ ለ5ቱ አንድ ነው። ይህም ከዋናው ጠባቂ ሌላ ነው።

ሌሊቱ ደግሞ ሌላ ትዕግሥት ይሻል። ቀን ሲሮጥና ሲስቅ የዋለ ልጅ መብራት ሲጠፋ እናቱ ትዝ ትለዋለች፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ያለቅሳል፥ አንዳንዱም ሆዴን አመመኝ ይላል። የሆዱን ሕመም ሐሰት ነው ብሎ መገሠጽ አይገባም፤ ናፍቆት ሥጋንም ያማልና። ክሪስቶፈር ተርበርና ኤድዋርድ ዋልተን የሚባሉ አሜሪካውያን ሊቃውንት በ2007 ዓ.ም. ስለዚሁ ነገር ለሐኪሞች ጽፈዋል። ከምክራቸው አንዱ ወላጅ ለልጁ «ካልወደድኸው መጥቼ እወስድሃለሁ» ብሎ ተስፋ እንዳይሰጥ ነው። ይህ ቃል የሚያጽናና ይመስላል፤ ነገር ግን ልጁ ወላጁ አስቀድሞ እንደማይችል ገምቶታል ብሎ ይረዳዋል፥ ስለዚህ የሚወስደውን ሰው እየጠበቀ ይውላል እንጂ ጓደኛ አይፈልግም። መምህሩ የሚያደርገው ከአልጋው አጠገብ ተቀምጦ ስለ ቤቱ እንዲያወራ መተው ነው፤ ወንድሙን፥ ውሻውን፥ የሚወደውን ወጥ ይናገር። በማግሥቱም የሚሠራው ነገር ይሰጠዋል፤ ሳህን ያከፋፍል፥ ወይም ከእርሱ ላነሰ ልጅ ቋጠሮ ያሳይ።

መኝታውን ያረጠበ ልጅ ቢኖር ሌሎች ሳይነቁ አንሶላው ይለወጣል፥ ስለ እርሱም አንድ ቃል አይነገርም። ይህ ትንሽ ሥራ ይመስላል፤ የልጁ የሰፈር ቈይታ በሙሉ ግን በዚህ አንድ ማለዳ ላይ ሊወሰን ይችላል። እዚህ ላይ ሌላ ደንብ አለ፤ መምህር ከአንድ ልጅ ጋር ሰው በማያይበት ስፍራ ብቻውን አይሆንም። ልጁን ለማጽናናት ሲቀመጥም ሌላ ሰው ሊያያቸው በሚችልበት ነው። ይህ ደንብ ልጁን ከክፉ ሰው፥ ደጉን መምህር ደግሞ ከሐሜት ይጠብቃል፤ እኔ እንደማስበው መልካም መምህር በዚህ የሚቀየምበት ምክንያት የለም።

ምግብም የመምህሩ ጉዳይ ነው። አስቀድሞ ከወላጆች በተጻፈው ወረቀት ላይ ማን የትኛው መድኀኒት እንዳለው፥ ማን ለውዝ ወይም ወተት እንደሚያሳምመው አንብቦ ማወቅ አለበት። በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ልጃቸውን ወደ ሰፈር ሲሰዱ የፍልሰታ ጾም ነሐሴ 1 ቀን ስለሚገባ የሰፈሩ ወራትና ጾሙ ይገናኛሉ። የሚጾም ልጅ ካለ ወላጆቹ ሥጋ፥ ወተትና ዕንቍላል እንደማይበላ በዚያው ወረቀት ቢገልጡ መልካም ነው፤ ልጁ በማዕድ ላይ በጓደኞቹ ፊት ራሱን ሲያስረዳ እንዳይቸገር ነው።

ለዚህ ሥራ የሚመረጡት አብዛኛውን ጊዜ ወጣቶች ናቸው። ወጣትነታቸው ለጨዋታው ይጠቅማል፤ ለጥበቃው ግን ሥልጠና ያሻል። በፈረንሳይ በ1937 ዓ.ም. በቦረኮይ ለሰፈር መሪዎች የመጀመሪያው ሥልጠና ተሰጠ፤ ከ1973 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ባፋ የሚባል ማስረጃ አለ። ለእርሱ የሚማረው ሰው መጀመሪያ 8 ቀን ይሠለጥናል፥ ቀጥሎ 14 ቀን ከልጆች ጋር ይለማመዳል፥ በመጨረሻም ተመልሶ ቢያንስ 6 ቀን ይማራል። በመካከል ያለው ልምምድ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ የመጨረሻውን ትምህርት የሚሰማው ጥያቄ ይዞ ነውና። የመጀመሪያው ዕድሜ 17 ዓመት የነበረው በ2022 ዓ.ም. ወደ 16 ዝቅ ተደረገ።

በመጨረሻው ቀን እያንዳንዱ ልጅ በወረቀቱ ላይ ስሙ ለተጻፈው ሰው ብቻ ይሰጣል፤ ልጁ ራሱ «አጎቴ ነው» ቢልም ስሙ ከሌለ አይበቃም። የተረፈው መድኀኒት ለወላጅ ይመለሳል፥ ስለ ልጁ ጤናና ጠባይ የታየውም ይነገራል። ሰፈሩ ባዶ ከሆነ በኋላ መምህሩ የተረሱ ፎጣዎችንና ካልሲዎችን ይሰበስባል፤ ጀልባዎቹንና የመንሳፈፊያ ሰደርያዎቹን ቈጥሮ የተቀደደውን ለብቻ ያኖራል፤ ለሚመጣው ዓመት መምህርም በውኃው ዳር የትኛው ስፍራ ጥልቅ እንደሆነና የትኛው ድንጋይ እንደሚያዳልጥ በደብተር ጽፎ ይተዋል።