«አዲስ» የሚባሉት የንብ አንጀት ነዋሪዎች

ንብ አንጀት ውስጥ አዳዲስ የባክቴሪያ ዝርያዎች እየተለዩ ነው ብዬ ሳወራው፣ አንድ ወዳጄ የያዘውን ብርሌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «ማሩም ተበከለ በለኛ!» አለኝ። ጠጁን መልሶ ቢያነሣ ይሻለዋል። ንብ ከአበባ የቀሰመችውን ፈሳሽ ይዛ የምትመለሰው ከአንጀቷ በፊት ባለ የማር ከረጢት ነው። ባክቴሪያዎቹ በብዛት የሚርመሰመሱት ከዚያ ኋላ፣ በአንጀቷ የመጨረሻ ክፍል ነው።

ባክቴሪያ ሁሉ በሽታ ይመስለናል። እጭ የሚያበሰብስ ባክቴሪያ መኖሩ እውነት ነው። የአዋቂዋ ንብ አንጀት ነዋሪዎች ግን ሥራ አላቸው፤ ጊሊያሜላ የተባለው የአበባ ብናኝ ግድግዳ ውስጥ ያለውን ፔክቲን ይሰባብራል። እ.ኤ.አ. በ2017 ከቴክሳስ በወጣ ጥናት፣ ቴትራሳይክሊን የተባለ ባክቴሪያ ገዳይ መድኃኒት ተሰጥቷቸው ወደ ቀፎ የተመለሱ ንቦች ካልተሰጣቸው ይልቅ ቶሎ አልቀዋል።

ንቧ እነዚህን ይዛ ትወለዳለች ማለትም ስሕተት ነው። የሰም ክዳኗን ቀድዳ ስትወጣ አንጀቷ ባዶ ለማለት ምንም አይቀረው። ከታላላቆቿና ከቀፎው ገላ ትለቅማቸዋለች፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ በመቶ ሚሊዮኖች ይቆጠራሉ።

ትልቁ ስሕተት ግን «ተገኘ» የምትለዋ ቃል ውስጥ አለች። በማይክሮስኮፕ አይቶ «ይኸው አዲስ!» ማለት አይቻልም፤ አብዛኞቹ ትንንሽ ዘንግ ናቸው፣ መልካቸው አያሳብቅም። ሥራው የሚጀምረው በበረዶ የደነዘዘችን ንብ መናደፊያ በወረንጦ ይዞ ቀስ ብሎ በመሳብ ነው። አንጀቷ ተያይዞ ይወጣል፤ ጫፉ ላይ ያለው ከረጢት በአበባ ብናኝ ቅሪት ቢጫ ሆኗል። ያ ተፈጭቶ፣ የበግ ደም በተጨመረበት ምግብ ላይ ተዘርግቶ፣ የቀፎን ሙቀት በሚመስል ማብቀያ ውስጥ ይቀመጣል።

«ዘረመሉ ከተነበበ አለቀ» የሚሉም አሉ። አላለቀም። ስኖድግራሴላ አልቪና ጊሊያሜላ አፒኮላ በዘረመል ቁራጭ ብቻ ሲታወቁ መጠሪያቸው «ቤታ» እና «ጋማ-1» ነበር፤ የመኪና ታርጋ በሉት። ተመራማሪዎቹ ዋልደን ክዎንግና ናንሲ ሞራን አብቅለው እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጽሑፍ ነው እውነተኛ ስም ያገኙት፤ አንዱ የነፍሳትን አካል ላጠናው ሮበርት ስኖድግራስ፣ ሌላው የንብ ማይክሮቦችን ለመረመረችው ማርታ ጊሊያም መታሰቢያ ሆነ። ደንቡም ጥብቅ ነው፦ ናሙናው በሁለት አገሮች በሚገኙ የባክቴሪያ ማከማቻዎች በሕይወት መቀመጥ አለበት።

በዚያች የዘረመል ቁራጭ ብቻ መፍረድም ያሳስታል። እ.ኤ.አ. በ2014 ከስዊድን ንቦች ተለይተው ስም ያገኙት የላክቶባሲለስ ዝርያዎች፣ ለምሳሌ በሄልሲንግቦሪ ከተማና በኩላበርግ የተሰየሙት፣ በእሷ ሲታዩ መንታ ይመስላሉ፤ የሚለያዩት ሙሉው ዘረመል (ጂኖም) ሲነጻጸር ነው። የተለመደው መለኪያ፣ ከ95 በመቶ በታች ከተመሳሰሉ ሌላ ዝርያ ናቸው የሚል ነው።

«አዲስ» ማለት ደግሞ ትናንት የተፈጠረ ማለት አይደለም፤ ከንብ ዘር ጋር ለሚሊዮኖች ዓመታት ኖረዋል። አዲሱ ስማቸው ነው፤ እሱም ይከለሳል። ለዓመታት በጅምላ ስኖድግራሴላ አልቪ ሲባሉ ከነበሩት፣ ባምብልቢ በሚባሉት ጸጉራም ንቦች ውስጥ የሚኖሩት እ.ኤ.አ. በ2022 ተነጥለው የየራሳቸውን ስም አግኝተዋል። ከእነሱም አንዱ የቤልጅየሟን የጌንት ከተማ ስም ይዞ ጋንዳቬንሲስ ተብሏል።