ሙዳየ ምጽዋቱና የተማሪዋ ጥያቄ

በአየርላንድ ዐቢይ ጾም በገባ ቍጥር ከካርቶን የታጠፈች ትንሽ ሙዳየ ምጽዋት በየቤቱና በየትምህርት ቤቱ ትታደላለች፤ የምታድላትም የአገሪቱ ካቶሊካውያን ጳጳሳት እ.ኤ.አ. በ1973 ያቋቋሟት ትሮከራ የተባለች የበጎ አድራጎት ማኅበር ስትሆን፥ ስሟ በአየርላንድኛ ምሕረት ማለት ነው። ልጆች ሳንቲማቸውን እየጨመሩባት እስከ ትንሣኤ ያቆዩአታል። ጾምና ምጽዋት የማይነጣጠሉ መሆናቸውን ገና በቄስ ትምህርት ቤት ለተማርሁት ለእኔ ይህች ሣጥን ባዕድ አይደለችም፤ አከብራታለሁም። ነገር ግን የልማት ትምህርት መምህር ሆኜ ከክፍል ወደ ክፍል ስዘዋወር እንደ ታዘብሁት፥ አምስት ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ባላት በዚች ትንሽ አገር ብዙ ልጅ ስለ ሩቁ ዓለም የመጀመሪያውን ትምህርት የሚቀበለው ከሣጥኗ ነው፤ ሣጥን ደግሞ ርኅራኄን ታስለምዳለች እንጂ ድኻው ስለ ምን ድኻ እንደ ሆነ ልትናገር አትችልም። የልማት ትምህርት የሚጀምረው እርሷ ዝም ካለችበት ስፍራ ነው።

አንድ ቀን በምዕራብ አየርላንድ በምትገኝ ትንሽ ከተማ የሽግግር ዓመት ተማሪዎች ዘንድ ገባሁ። ይህ ዓመት በሁለቱ የመንግሥት ፈተናዎች መካከል ያለ፥ ትምህርት ቤቱ መርሐ ግብሩን እንደ ወደደ የሚያሰናዳበት፥ ለእኔም ሥራ እጅግ የሚመች ዓመት ነው። ስለ ኢትዮጵያ የሚያውቁትን እንዲጽፉ ወረቀት ባድላቸው፥ አብዛኞቹ የጻፉት ረኃብ የሚለውን ቃል ነበረ፤ ከሰባ ሰባቱ ድርቅ በኋላ ብዙ ዘመን ቈይተው የተወለዱ እነዚህ ልጆች ያን መከራ ከወላጆቻቸው ወርሰውታል፤ የደብሊኑ ተወላጅ ቦብ ጌልዶፍ እ.ኤ.አ. በ1985 ለዚያ ረኃብ መርጃ ያስተባበረውን ታላቅ የሙዚቃ ትርኢት ያላየ ጎልማሳ በዚያ አገር ጥቂት ነውና።

እኔም ከኪሴ አንድ እፍኝ ጥሬ ቡና አውጥቼ ከእጅ ወደ እጅ አሳለፍሁላቸው። ቡና ከመቈላቱ በፊት አረንጓዴ መሆኑን ከመካከላቸው የሚያውቅ አልነበረም። አንዲት ቀላ ያለች፥ የከብት አርቢ ልጅ እንደ ሆነች ኋላ የሰማሁባት ተማሪ ፍሬዎቹን በመዳፏ ይዛ ብዙ ጊዜ ዝም ካለች በኋላ፥ «ያን ጊዜ በእርስዎ አገር እህል ፈጽሞ ጠፍቶ ነበር ወይስ እንደ እኛ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

እንደ እኛ ያለችው ምን እንደ ሆነ ክፍሉ ሁሉ ወዲያው ገባው። እ.ኤ.አ. በ1845 የድንቹ ሰብል በበሽታ መበላሸት ከጀመረ ወዲህ ከስምንት ሚሊዮን ሕዝብ አንድ ሚሊዮን ያህሉ ሲያልቅ፥ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጠውም ሲሰደድ፥ ከአየርላንድ ወደቦች እህልና ከብት እየተጫነ ወደ እንግሊዝ ይሄድ እንደ ነበረ የማያውቅ የአየርላንድ ልጅ የለም። እኔም እህል በሁሉም ክፍለ ሀገር እንዳልጠፋ፥ በወሎና በትግራይ የዝናብ እጦት ብቻ ሳይሆን ጦርነትም ሕዝቡን እንደ ፈጀው፥ መንግሥቱም በመስከረም 1977 የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ያከብር እንደ ነበረ ነገርኋቸው። ከዚያች ሰዓት በኋላ ስለ እኛ ማዘናቸውን ትተው ይመረምሩ ጀመር፤ ስለ ቡናው ዋጋ፥ ስለ ብድር፥ አገራቸው ስለምትሸጠው ሥጋና ወተት ሳይቀር ተከራከሩ። በዚህ ሙያ ከቈየሁባቸው ዓመታት ሁሉ ያችን ሰዓት አስበልጣለሁ።

አየርላንድ በልማት ትምህርት ረገድ የመንግሥት ድጋፍ የጐደላት አይደለችም። ከኬንያ ጋር ሆና እ.ኤ.አ. በ2015 የጸደቁትን የተባበሩት መንግሥታት የልማት ግቦች ድርድር የመራች እርሷ ናት፤ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቷም ለትምህርቱ ገንዘብ ይመድባል፤ ስሙንም የዓለም አቀፍ ዜግነት ትምህርት ብሎታል። ሆኖም በዓይኔ እንዳየሁት ሁሉም ነገር በአንድ ትጉህ መምህር ትከሻ ላይ ተንጠልጥሏል፤ እርሱ ሲዛወር ትምህርቱም አብሮት ይዛወራል። የሽግግሩ ዓመት ሲያልቅ ደግሞ ተማሪው ወደ መጨረሻው ፈተና ይገባል፤ የፖለቲካና የኅብረተሰብ ትምህርት እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ቢሰጥም፥ የማይሰጥበት ትምህርት ቤት ብዙ ነው። ያችን ልጅ የመሰለች ጠያቂ በዓመት አንዲት ሰዓት ብቻ ልታገኝ አይገባትም ነበር፤ ይህን ለሚመለከታቸው ሁሉ ከመናገር አልቦዝንም።

በዚያ አገር የምትኖሩ ወገኖቼ ሆይ፥ የልጆቻችሁ መምህር ስለ አገራችሁ እንድትናገሩ በጋበዛችሁ ጊዜ እንጀራውንና የአገር ልብሱን ይዛችሁ ሂዱ፤ ነገር ግን አንዲት ልጅ እጇን አንሥታ ስለ ሰባ ሰባት የጠየቀቻችሁ እንደ ሆነ፥ አፍራችሁ ወሬ አትለውጡባት፤ የምታውቁትን ሁሉ ንገሯት።