በጋኖቹ ውስጥ ምን ነበር?

ፖምፔን የሚጎበኝ ሰው ቤተ መቅደሱንና የባለጠጎቹን ግቢ ሊያይ ይሄዳል፤ ዓይኑ ግን ደጋግሞ የሚያርፈው በየመንገዱ ዳር ባሉት ባንኮኒዎች ላይ ነው። በድንጋይና በኖራ ተገንብተው ላያቸው ላይ ክብ ክብ አፍ ይታያል፤ በየአፉ ሥር አንዳንድ ጋን ተቀብሯል። ከኔፕልስ ብዙም በማትርቀው በዚህች ጥንታዊት ከተማ እንዲህ ያለ ባንኮኒ ያላቸው 80 ያህል ሱቆች አሉ። ተመራማሪዎች ቴርሞፖሊየም ይሏቸዋል። ቁርስ ቤትና መሸታ ቤት አንድ ላይ ቢሆኑ ማለት ነው።

ሱቅ መሆኑ የሚታወቀው ገና ከደጃፉ ነው። የመኖሪያ ቤት ደፍ ጠበብ ይላል፤ የሱቅ ደፍ ግን የፊት ለፊቱን ስፋት የሚይዝ ድንጋይ ሲሆን፣ በርዝመቱ ቦይ ተቀርጾበታል። ባለሱቁ ማታ ሲዘጋ ቋሚ ጣውላዎችን በቦዩ እያንሸራተተ ይደረድራል። ቦዩ በአንደኛው ጫፍ ያበቃና የትንሽ በር እግር የሚዞርበት ጉድጓድ ይመጣል፤ ጣውላው ሁሉ ከተደረደረ በኋላ መግቢያና መውጫው ያች በር ናት። እንጨቱ በስብሶ ጠፍቷል። ቢሆንም ከተማዋን በቀበረው የእሳተ ገሞራ አመድ ጠንክሮ በቀረው ውስጥ የተወው ባዶ ቦታ በጀሶ ሲሞላ የመዝጊያው ቅርጽ ተመልሶ መጣ፤ ዛሬ ዴል አቦንዳንዛ በተባለው ትልቅ ጎዳና ላይ እንደተዘጋ ቆሞ ይታያል።

በዚሁ ጎዳና ላይ ቬቱቲየስ ፕላኪደስ በተባለ ሰው ስም የሚጠራ ሱቅ አለ። ባንኮኒው ማዕዘን ሠርቶ የታጠፈ ነው፤ ላዩ ከየትም በተለቃቀመ ባለቀለም የእብነ በረድ ስብርባሪ ተለብጧል። ከኋላው ግድግዳ ላይ ቤቱን የሚጠብቁት አማልክት ተሥለዋል፤ ከነሱ ጋር የንግድ አምላኩ መርኩሪና የወይን ጠጅ አምላኩ ባኮስ ቆመዋል። ለመሸታ ቤት ከዚህ የተሻለ ምርጫ አይገኝም። ከጋኖቹ አንዱ ሲከፈት ግን የተገኘው ወጥም ወይን ጠጅም አልነበረም፤ ወደ 3 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ሳንቲም ነበር።

ጋኖቹ ለምን ያገለግሉ ነበር የሚለው ክርክር ከዚህ ይነሳል። ለብዙ ዘመን የተለመደው መልስ ትኩስ ወጥ ይቀመጥባቸው ነበር የሚል ነው፤ አስጎብኚዎችም ይህንኑ ይተርካሉ። ጋኑን ጠጋ ብሎ ላየው ግን ጥያቄ ይፈጠራል። ያልተለበጠ ሸክላ ስለሆነ ፈሳሽ ይጠጣል። እስከ አፉ ድረስ በግንብ ተይዟል፤ አውጥቶ ማጠብ አይቻልም፤ እጣቢው የሚወጣበት ቀዳዳም የለውም፤ ከሥሩም እሳት አይነድም። በጎረቤቷ በሄርኩላኒየም በአንዳንዶቹ ጋኖች ውስጥ ከሰል ሆኖ የተገኘው ጥራጥሬና ዋልነትን የመሰለ ደረቅ ነገር ነው። ስለዚህ ብዙ ምሁራን ደረቅ ምግብ ማስቀመጫ ናቸው ወደሚለው አዘነበሉ።

ነገሩን እንደገና ያደባለቀችው በፖምፔ ሰሜናዊ ክፍል፣ ሬጂዮ አምስት በሚባለው ሰፈር የምትገኝ አንዲት የማዕዘን ሱቅ ናት። እ.ኤ.አ. በ2019 ከፊሏ ተገለጠ፤ ሙሉ በሙሉ የተቆፈረችው በ2020 ሲሆን በ2021 ለጎብኚ ተከፈተች። በባንኮኒዋ ፊት በባሕር ፈረስ የተቀመጠች የባሕር ልጃገረድ፣ አንድ አውራ ዶሮና ለመታረድ ዝግጁ መስለው የተዘቀዘቁ ሁለት ዳክዬዎች ተሥለዋል። በሰንሰለት የታሰረ ትልቅ ውሻም አለ። በውሻው ሥዕል ጠርዝ ላይ አንድ ሰው ኒኪያስ የሚባለውን ሰው በስድብ ጽሑፍ ሞልጮታል። ስድቡ እዚህ የሚጻፍ ዓይነት አይደለም፤ ምናልባት ኒኪያስ የሱቁ ባለቤት ወይም ሠራተኛ ነበር።

ጋኖቹ ውስጥ የዳክዬ አጥንት ተገኘ። የአሳማ፣ የፍየልና የዓሣ አጥንት፣ የቀንድ አውጣ ቅርፊትም ነበረ፤ ከፊሉ አንድ ላይ የተሠራ ይመስላል። የወይን ጠጅ በነበረበት ጋን ግርጌ ደግሞ የተከካ ባቄላ ተገኘ። በአፒሲየስ ስም የሚታወቀው የሮማውያን የማብሰያ መጽሐፍ ባቄላ የወይን ጠጅን መልክ ለማንጣት እንደሚውል ስለሚናገር፣ ባለሱቁ ጠጁን ሲያሳምር ነበር ማለት ነው። እኔን የሚመስለኝ ክርክሩ አንድ መልስ ብቻ መፈለጉ ነው ያጠፋው። ጋን ጋን ነው፤ አንዱ ባለሱቅ ጥራጥሬ፣ ሌላው የሥጋ ወጥ፣ ሌላው ጠጅ፣ ያም ሲቸግረው ገንዘቡን ይከትበታል።

በእነዚያ አጥንቶች ላይ መንግሥትም የሚለው ነበረው። ታሪክ ጸሐፊው ሱዌቶኒየስ እንደሚነግረን ንጉሠ ነገሥት ኔሮን በመሸታ ቤቶች ከአትክልትና ከጥራጥሬ በቀር የበሰለ ምግብ እንዳይሸጥ ከልክሎ ነበር። ካሲየስ ዲዮም ተመሳሳይ ክልከላ ቬስፓሲያን እንዳወጣ ጽፏል። ቬስፓሲያን የሞተው እ.ኤ.አ. በሰኔ 79 ነው፤ ፖምፔን የቀበረው እሳተ ገሞራ ቬሱቪየስ የፈነዳው ከዚያ ጥቂት ወራት ቆይቶ ነው። ሕጉ ከዋና ከተማዋ ከሮም ውጭ ምን ያህል ይሠራ እንደነበር አከራካሪ ቢሆንም፣ በሬጂዮ አምስት አሳማና ዳክዬ ይቀርብ እንደነበር ጋኑ ይመሰክራል። ሹማምንቱ የሚጠሉት ወጡን ሳይሆን በባንኮኒው ዙሪያ የሚሰባሰበውን ድሃ ሕዝብ ይመስላል።

በሱቋ ውስጥ ቢያንስ 50 ዓመት የሆነው ሰው አጥንት ተገኝቷል፤ አልጋ ላይ እንዳለ ሳይሞት አልቀረም። ትንሽ ውሻም አብሮ ተገኝቷል፤ ያደገ ውሻ ሆኖ ቁመቱ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ሮማውያን ውሻን እየመረጡ ያራቡ እንደነበር ለባለሙያዎች ጥሩ ማስረጃ ሆኗል። የሌላ ሰው አጥንት ደግሞ ከጋኖቹ በአንዱ ውስጥ ነበር። ይህ ከእሳተ ገሞራው ጋር የተያያዘ አይመስልም፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ውድ ዕቃ ፍለጋ ዋሻ እየቆፈሩ የገቡ ሰዎች ሳይወሽቁት አልቀሩም።

እ.ኤ.አ. ከ1748 ጀምሮ የፖምፔ ቆፋሪዎች ለብዙ ዘመን ሥዕሉንና ነሐሱን ሲያወጡ፣ በየጋኑ ግርጌ የቀረውን ብዙም አልመዘገቡም። በሬጂዮ አምስት ግን ከአርኪዮሎጂስቶቹ ጎን የአጥንት፣ የእንስሳት፣ የዕፅዋትና የእሳተ ገሞራ ባለሙያዎች ሠርተዋል፤ ከጋኖቹ የወጣውም አፈር ወደ ላቦራቶሪ ሄዷል።